እንክርዳድ በጎተራ፦ ከባድ ብረቶች ተባብረው አጥንት ላይ የሚሠሩት

ኮምቦልቻ ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለመስኖ አትክልት አምራቾችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ

እንደምን ዋላችሁ። ከስም እንጀምር፤ ስሙ ራሱ ያሳስታልና። ልጆች ለትምህርት ቤት የሚገዙት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ጥቁሩ ግራፋይት ነው፣ የከሰል ዘመድ። ልጅ ቢያኝከው የሚያሳስበን እንጨቱ ላይ የተቀባው ቀለም ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት እርሳስ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ትንሽዬው ቁራጭ እጅ የሚጎትት፣ በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው። ከእሱ ጋር ካድሚየም የተባለውን ሌላ ከባድ ብረት እናነሳለን፤ አርሰኒክንና ሜርኩሪን ደግሞ ባጭሩ።

ስለ አጥንትና ውሃ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው የስምጥ ሸለቆውን ፍሎራይድ ነው፤ በወንጂ አካባቢ ወገባቸው የደረቀባቸውን ሰዎች። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሎራይድ አጥንትን ያወፍራል፣ መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ የዛሬዎቹ ግን ያሳሱታል ወይም ያለሰልሱታል። ደግሞም ለየብቻ አይመጡም። የመጠን ገደብ የሚወጣው ለእያንዳንዱ ብረት ለብቻው ነው፤ አጥንት ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ነው የሚያስተናግደው። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ ከዚህ ነጥብ የሚነሳ ነው።

አጥንት የካልሲየም ጎተራ ነው። ሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው እዚያ ተከማችቷል። ደም ውስጥ ያለው ሲጎድል ጎተራው ይከፈታል፣ ሲተርፍ ይሞላል። እርሳስ በዚህ ጎተራ ውስጥ እንክርዳድ ነው። እንክርዳድ ከስንዴው ጋር ይበቅላል፣ ከስንዴው ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ጎተራ ይገባል፤ ዓይን ካልለየው ተጋግሮ ራስ እስኪያዞር ድረስ ማንም አያውቀውም። እርሳስም እንደዚሁ ነው። የአጥንቱ ክሪስታል የሚሠራው ከካልሲየምና ከፎስፌት ነው፤ እርሳስ ሲመጣ በካልሲየሙ ቦታ ይቀበለዋል። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ፣ ሕፃናት ውስጥ ካለው ደግሞ 70 በመቶ ገደማ የሚገኘው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው።

ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጠንካራው የአጥንት ክፍል ውስጥ የገባው ግን በግማሽ እስኪቀንስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የደም ምርመራ የሚያሳየው በቅርብ የገባውንና ከአጥንት እየተንጠባጠበ የሚወጣውን ነው፤ የቆየውን ዕዳ ሙሉ መጠን አያሳይም። ጎተራው በሰፊው የሚከፈትባቸው ጊዜያት ይታወቃሉ፦ እርግዝና፣ ማጥባት፣ ማረጥ፣ ስብራት፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መዋል፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት። ባትሪ ከሚፈታበት ግቢ አጠገብ ያደገች ልጅ ከ20 ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ሄዳ ብታረግዝ፣ አዲስ እርሳስ ሳትነካ ከራሷ አጥንት የወጣው ወደ ደሟ ይገባል። እርሳስ እንግዴ ልጁን ያልፋል። እናት የበላችው ከዓመታት በኋላ ልጅ ጋ ይደርሳል ማለት ነው።

አጥንት ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይምሰላችሁ። ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ሁልጊዜ ይገነባል፤ በአዋቂ ሰው በየዓመቱ ከአጽሙ 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል። የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፣ የሚገነቡ ሕዋሳት አሉ፣ ጤናማ አጥንት የሁለቱ ስምምነት ነው። እርሳስ ገንቢዎቹን ያዳክማል። ስክለሮስቲን የተባለውንና ገንቢዎቹን «በቃችሁ» የሚላቸውን ፕሮቲን ይጨምራል። ኩላሊት ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራው መልኩ እንዳይለውጥም ያደናቅፋል።

እዚህ ላይ የራጅ ፊልም የሚያሳስትበት አንድ ነገር አለ። ብዙ እርሳስ የገባበት ልጅ ጉልበቱ ራጅ ቢነሳ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ ላይ ነጭና ደማቅ መስመር ይታያል። ለማያውቀው ሰው «ጠንካራ አጥንት» ይመስላል። ያ ድምቀት ግን በጊዜው ፈርሶ በእውነተኛ አጥንት መተካት የነበረበት ካልሲየም የያዘ ልም አጥንት ነው፤ አፍራሾቹ ሥራቸውን አልሠሩም ማለት ነው። መድመቅና መጠንከር አንድ አይደሉም።

ካድሚየም ሌላ ጠባይ አለው። አጥንት ውስጥ ብዙም አይከማችም፤ የሚከማቸው ኩላሊትና ጉበት ውስጥ ነው፣ እዚያም ከ10 እስከ 30 ዓመት ይቀመጣል። ኩላሊት ደግሞ የጎተራው ቁልፍ ያዥ ነው። ከሽንት ካልሲየምንና ፎስፌትን መልሶ የሚያስቀር፣ ቫይታሚን ዲን የሚያነቃ እሱ ነው። ካድሚየም የኩላሊቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ሲጎዳ ፎስፌትና ካልሲየም በሽንት ይፈስሳሉ፣ አጥንት የሚጠነክርበት ማዕድን ያጣል፣ ይለሰልሳል።

ይህ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው ጃፓን ውስጥ ነው። ቶያማ በሚባለው ክፍለ ሀገር የጂንዙ ወንዝ ይወርዳል፤ በላይኛው በኩል ካሚዮካ የተባለ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ማውጫ ነበር። ከማውጫው የወጣው ቆሻሻ ወንዙ ገባ፣ ወንዙ የሩዝ ማሳ አጠጣ፣ ሩዙን ሰው በላ። በሽታውን ሰዎቹ «ኢታይ ኢታይ» አሉት፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። ሲያስላቸው የጎድን አጥንታቸው የሚሰበር፣ ቁመታቸው የሚያጥር ሕሙማን ነበሩ። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን በይፋ ተቀበለ፣ በ1971 ተጎጂዎቹ ፍርድ ቤት ረቱ።

ታሪኩ ዘወትር የካድሚየም ታሪክ ተደርጎ ይነገራል። እኛ የድምር ታሪክ ነው እንላለን። ያንን ሩዝ የበላ ብዙ ሰው ነበር፤ አጥንቱ የተሰባበረው በአብዛኛው ግን ያረጡና ብዙ ልጅ የወለዱ ሴቶች ነበሩ። ብረቱ፣ እርግዝናውና ማጥባቱ፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እጥረቱ ተደራረቡ። ደቡብ ወሎ ውስጥ አምስትና ስድስት ወልዳ፣ እያንዳንዱን ሁለት ዓመት አጥብታ፣ ወተቱን ለልጆቿ ሰጥታ እሷ በሽሮ የከረመች እናት ከዚህ ሥዕል ብዙ አትርቅም።

በዝቅተኛ መጠንም ጉዳት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የቤልጂየም ጥናት በዚንክ ማቅለጫዎች አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችን ተከታትሎ፣ በሴቶች ሽንት ውስጥ ያለው ካድሚየም በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የስብራት ዕድላቸው በ73 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች ኢታይ ኢታይ የያዛቸው አልነበሩም። ካድሚየም ኩላሊት ሳይጎዳ በፊትም አፍራሽ ሕዋሳትን በቀጥታ ይቀሰቅሳልና።

አርሰኒክ ገንቢ ሕዋሳት እንዳይበስሉ ያደርጋል፤ ቻይና ውስጥ ካድሚየምና አርሰኒክ ባንድ ላይ ባገኟቸው ሰዎች ላይ የኩላሊት ቱቦ ጉዳቱ ከአንዱ ብቻ ይልቅ ጎልቶ ታይቷል። ሜርኩሪ በአጥንት ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ በኩላሊት በኩል እንጂ በቀጥታ ብዙ አንከሰውም።

ታዲያ ሲገናኙ ምን ይሆናል? እርሳስ ገንቢውን ሲያስቆም ካድሚየም አፍራሹን ይገፋል። እርሳስ የቫይታሚን ዲን ምርት ሲቀንስ ካድሚየም ምርቱ የሚካሄድበትን ኩላሊት ይጎዳል። አንዱ ጡብ ጫኚውን ሲያባርር ሌላው ግድግዳውን ያፈርሳል፣ ሁለቱም ተባብረው የሲሚንቶ መጋዘኑን ይዘጋሉ። እያንዳንዱ በትንሽ መጠን ቢሆንም ሥራው በተለያየ በር ስለሆነ ውጤቱ ይደመራል። ሁልጊዜ ግን አይደመርም፤ ይህን መካድ አይገባም። ሁለት ብረቶች አንጀት ላይ በአንድ በር ለመግባት ሲጋፉ አንዱ ሌላውን ሊያስቀር ይችላል። ዚንክ ሰውነት ካድሚየምን የሚያስርበትን ፕሮቲን ስለሚጨምር በአይጦች ላይ አጥንትን ሲከላከል ታይቷል።

በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ቅኝት መረጃ ላይ የብረቶችን ድብልቅ ከአጥንት ጥግግት ጋር ያነጻጸሩ ትንታኔዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ክብደቱን ተሸክመው የሚገኙት እርሳስና ካድሚየም ናቸው። እነዚህን ጥናቶች ስታነቡ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አጥንቱ በሌላ ምክንያት እየሳሳ ያለ ሰው የተቀበረው እርሳስ ወደ ደሙ ይወጣል። ስለዚህ ደም ውስጥ ብዙ እርሳስ መገኘቱ የመሳሳቱ ምክንያት ብቻ ሳይሆን ውጤቱም ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን የተለካ መረጃ ይህን አይለይም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ለምሳሌ የተሠራ ነው፣ የማንም ጉድጓድ ውጤት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ በሊትር 10 ማይክሮግራም እርሳስ፣ 3 ማይክሮግራም ካድሚየም፣ 10 ማይክሮግራም አርሰኒክ የሚል መመሪያ አለው። አንድ ውሃ 6 እርሳስ፣ 2 ካድሚየም፣ 5 አርሰኒክ ቢገኝበት ላቦራቶሪው በሦስቱም ላይ «ከገደብ በታች» ብሎ ይጽፋል። ልክ ነው። ግን እያንዳንዱን ለገደቡ እናካፍለው፦ 0.6፣ 0.67፣ 0.5። ድምሩ 1.77። ከ1 አልፏል። ይህ ድፍን ያለ መለኪያ ነው፤ የአርሰኒኩ ገደብ ለምሳሌ ከካንሰር ጋር እንጂ ከአጥንት ጋር ተያይዞ የወጣ አይደለም። ቢሆንም ሦስት ጊዜ «ንጹሕ ነው» ከሚል ወረቀት የተሻለ ይናገራል። ደግሞም ውሃው አንድ በር ብቻ ነው፤ ቅጠሉ፣ አቧራው፣ ሲጋራው ገና አልተቆጠሩም።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ለዮሌና ወርቃ የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪዎች አልፈው ቦርከና ይገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ላይ የታተሙ ጥናቶች አጉልተው ያነሱት ከቆዳ ማልፋት ጋር የሚመጣውን ክሮሚየምና ከብረት ማቀነባበር ጋር የሚመጣውን ዚንክ ነው። ዚንክ በራሱ የአጥንት ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ያስፈልገዋል። ግን የዚንክ ማዕድንና ካድሚየም አፈር ውስጥ ጎረቤት ናቸው፤ ካሚዮካም የዚንክ ማውጫ ነበር። ስለዚህ ዚንክ የበዛበት ውሃ ሲገኝ ቀጣዩ ጥያቄ «ካድሚየምስ?» መሆን አለበት፤ ዚንክ ብቻ ተለክቶ ፋይሉ አይዘጋ።

ጊዜውም ለውጥ አለው። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ከፋብሪካም ከከተማም የሚገባው ፍሳሽ የሚቀጥነው በጥቂት ውሃ ነው፤ ሞተር ተተክሎ አትክልት የሚጠጣው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ከወንዙ ሥር የተኛውን ደለል አንሥቶ ማሳ ላይ ያሰጣዋል። ናሙና በነሐሴ ብቻ ወስዶ «ወንዙ ደህና ነው» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ለአትክልት አምራቾች፦ ሁለቱ ብረቶች ተክል ላይ የሚያሳዩት ጠባይ የተለያየ ነው። እርሳስ ከሥር ወደ ቅጠል በቀላሉ አይወጣም፤ በአብዛኛው ቅጠሉ ላይ ያረፈ አቧራና ጭቃ ነው። ስለዚህ የውጭውን ቅጠል መጣል፣ በሁለትና ሦስት ውሃ ማጠብ፣ ካሮትና ድንች መላጥ ይቀንሰዋል። ካድሚየም ግን ውስጥ ይገባል፣ ማጠብ አይነካውም። ቆስጣና ሰላጣ በጣም ይሰበስቡታል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቦሎቄ፣ በቆሎ በጣም ያነሰ። ጥርጣሬ ያለበት ማሳ ላይ ሰላጣውን ትቶ በቆሎ መዝራት ከማንኛውም እጥበት ይበልጣል።

አፈር ሲኮመጥጥ ካድሚየም ይለቀቃል። ፒኤች ከ6 በታች ከሆነ ኖራ ጨምሮ ወደ 6.5 እና 7 ማድረስ፣ ኮምፖስት መቀላቀል ይይዘዋል። ስንት ኖራ? አፈሩ ሳይለካ በግምት አይደረግም፤ ሸክላማውና አሸዋማው አፈር የሚፈልጉት መጠን በጣም ይለያያል። ደግሞ እዚህ ላይ ድብልቅነቱ ተንኮል አለው፦ ካድሚየምን የሚያስረው ኖራ አርሰኒክን ሊፈታ ይችላል። አርሰኒክ ያለበት አፈር ላይ ኖራ ከመበተን በፊት ሁለቱም ይለኩ። የፎስፌት ማዳበሪያም ከማዕድኑ የወረሰው ጥቂት ካድሚየም አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ በኪሎ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ከ60 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገድቧል። ማዳበሪያ አትጠቀሙ እያልን አይደለም፤ ከሚመከረው በላይ መበተን ጥቅም የለውም፣ ዕዳ ግን አለው።

ጋራዥ ቤት ያላችሁ ደግሞ አሁን ጆሯችሁን ስጡን። አንድ የመኪና ባትሪ ውስጥ 10 ኪሎ ገደማ እርሳስ አለ። አደገኛው ጠፍጣፋው ብረት ሳይሆን በላዩ ላይ ያለው ልስን ነው፤ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄቱ ይተነፈሳል፣ እጅ ላይ ይቀራል፣ ከእንጀራ ጋር ይበላል። ቆራሌው የገዛውን ባትሪ በመጥረቢያ ከፍቶ አሲዱን መሬት ላይ ማፍሰስ፣ እርሳሱን በከሰል ማቅለጥ ግቢውን ለትውልድ ያበላሻል፤ እርሳስ አፈር ውስጥ አይበሰብስም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እሳቱ እየጋለ ሲሄድ ጭሱ ይጨምራል። ባትሪ ሳይከፈት፣ ቆሞ፣ አሲዱ እንዳለ ለሚሰበስብ ሰው ይሰጥ።

ቢጫ ወይም ወርቃማ መልክ ያላቸው አንዳንድ አሮጌ ብሎኖች በካድሚየም የተለበጡ ናቸው፤ አንዳንድ የብር ብየዳ ዘንጎችም ካድሚየም አላቸው። በእሳት መቁረጥና መበየድ ካድሚየሙን ጭስ ያደርገዋል፤ ጭሱ ብዙ ሽታ የለውም፣ ሳንባን በአንድ ቀን ሊጎዳ ይችላል። አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ደረቁን መፋቅ ደግሞ የእርሳስ አቧራ ያስነሳል፤ ውሃ እየረጫችሁ ፋቁት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በኪሎ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው በርና መስኮት ግን እንዳለ ነው።

ቱታችሁን ቤት ይዛችሁ አትግቡ። ይህ ከሁሉ የሚቀል፣ ከሁሉ የሚዘነጋ ነገር ነው። አባት ሕፃን ሲያቅፍ አቧራው ልጁ ላይ ያርፋል፤ አዋቂ ከዋጠው እርሳስ 10 በመቶ ያህሉን ሲመጥጥ ሕፃን እስከ 50 በመቶ ይመጥጣል። ልብሱ ለብቻው ይታጠብ። ወለል በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛ ድርብ ነው የሚጎዳው፦ ትንባሆ በራሱ በአንዲት ሲጋራ ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም ካድሚየም አለው፣ የቆሸሸው እጅ ደግሞ እርሳሱን አፍ ያደርሰዋል። የአጫሽ ኩላሊት ካድሚየም ከማያጨስ ሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው።

ቤት ውስጥ ጥቂት ነገር ብቻ እንጠቁም። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ አልሙኒየም ድስት ከምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም፤ ካሜሩን ውስጥ የተመረመሩ እንዲህ ያሉ ድስቶች እርሳስና ካድሚየም ሲለቁ ተገኝተዋል። ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ወጥ በሸክላ ድስት ቢሠራ ይመረጣል። ኩል ደግሞ አንዳንዱ ጥላሸት ነው፣ አንዳንዱ የእርሳስ ማዕድን ተፈጭቶ ነው፤ በዓይን አይለይም፣ ስለዚህ አራስ ሕፃን ዓይን ላይ ምንም ዓይነት ኩል አይደረግ። እርድን በተመለከተ ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ ቀለም ይጨመርበት እንደነበር ተደርሶበታል፤ እርዱን ድፍኑን ገዝቶ ማስፈጨት የተሻለ ነው። ውሃ ማፍላት ብረት አያወጣም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያከማቸዋል። ውሃ አጋርም ጀርም ነው የሚገድለው።

ጤና ኤክስቴንሽኖች በየቀኑ የምትሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በአይረን (የደም ብረት) ማነስ በኩል ነው። አንጀት የምግብን አይረን የሚያስገባበት በር ካድሚየምንም፣ እርሳስንም ያስገባል። ደሟ ያነሰ ሴት በሩን ሰፋ አድርጋ ትከፍታለች፤ ከምትበላው ካድሚየም የሚገባባት ከሌላው ይበልጣል። የካልሲየም እጥረትም እርሳስን እንዲሁ ያስገባል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር የምትሰጡት አይረን ኪኒን የደም ማነስን ብቻ አይደለም የሚከላከለው። ሜክሲኮ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ነፍሰ ጡሮች በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ሲወስዱ ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ በአማካይ በ11 በመቶ ቀንሷል። ካልሲየሙና አይረኑ ባንድ ጊዜ አይዋጡ፤ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ቡናና ሻይም ከአይረኑ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ አቦሉ ላይ ኪኒን የምትውጥ እናት ኪኒኑን ከጥቅም ውጭ እያደረገችው ነው።

አዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል፤ 100 ግራም የጤፍ እህል ከ150 በላይ አለው፣ በደንብ የቦካ ሊጥ ካልሲየሙን የሚያስረውን ፋይቴት ይቀንሳል። አውድማው አፈር ከሆነ ግን ጤፉ አፈሩንም ይዞ ይመጣል፤ ጤፍ ላይ የሚለካው አይረን ብዙው ከአፈር የመጣ ነው፣ አፈሩ ቆሻሻ ከሆነ ሌላውም ይከተላል። ሸራ ወይም ሲሚንቶ ላይ መውቃት ይጠቅማል። ፀሐይም አትዘንጉ፤ ደሴም ኮምቦልቻም ፀሐይ አላቸው፣ ቤት ውስጥ የምትውል ወይም ሰውነቷን ሙሉ የምትሸፍን ሴት ግን ቫይታሚን ዲ ሊያንሳት ይችላል። ግቢዋ ውስጥ ክንዷንና እግሯን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ማስነካት አይከብድም።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህ ሲመጣ ምን ይመስላል? ወገቤን፣ ዳሌዬን፣ የጎድን አጥንቴን የምትል፣ ከበርጩማ ለመነሣት እጇን የምትደገፍ፣ እንደ ዳክዬ የምትራመድ ሴት፣ ወጌሻ አሽቷት ያልተሻላት። መሳሳትና መለስለስ አንድ አይደሉም። መሳሳት እስኪሰበር ድረስ አያምም፤ መለስለስ ያማል፣ ጡንቻም ያደክማል። ደም ውስጥ ፎስፌት ቀንሶ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከፍ ካለ ወደ መለስለስ ያዘነብላል። የሽንት ስኳር ታይቶ የደም ስኳሯ ደህና ከሆነ የኩላሊት ቱቦው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ የሽንቱን ስኳር በዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ በሚነከረው መመርመሪያ ወረቀት) በቀላሉ ማየት ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን «ስህተት ነው» ተብሎ ይታለፋል። በተቃራኒው ዲፕስቲኩ ፕሮቲን የለም ቢል አያስተማምንም፤ የሚያነበው አልቡሚንን ነው፣ በካድሚየም የሚፈሱት ትንንሽ ፕሮቲኖች ያመልጡታል። የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሬቲኒንም መጀመሪያ ላይ ደህና ሊሆን ይችላል።

ለእርሳስ የሚመረመረው የደም ሥር ደም ነው፤ ከጣት የተወሰደ ቆዳው ላይ ባለ አቧራ ይበከላል፣ ከፍ ካለ በደም ሥር ይደገም። ለካድሚየም ሽንት ለክሬቲኒን ተስተካክሎ ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ይፈለግ፣ መጋለጡ ይቁም ይላል። ከሰውነት ብረት የሚያወጡ መድኃኒቶች ለሕፃናት የሚታዘዙት ከ45 ጀምሮ ነው፣ ያውም በስፔሻሊስት። ምንጩ ሳይቆም መስጠት እርሳስ መምጠጥን ሊያብስ ይችላል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን፣ ካልሲየም ያለበትን ኢዲቲኤና ሶዲየም ብቻ ያለበትን ኢዲቲኤ ማምታታት ደግሞ ሰው ገድሏል፤ ሁለተኛው የደምን ካልሲየም በአንዴ ያወርዳል። ለቆየ የካድሚየም ክምችት የተረጋገጠ ማውጫ የለም።

ውሃ ለማስመርመር የምትሄዱ፣ ጠርሙሱ ውጤቱን ያበላሸዋልና እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የፖሊኢትሊን (ፕላስቲክ) ጠርሙስ፣ 10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ቀን ተዘፍዝፎ በተጣራ ውሃ የታጠበ ይሁን። የቧንቧ እርሳስ የሚፈለግ ከሆነ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ካደረ በኋላ የመጀመሪያውን ሊትር ቅዱ፣ ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ አፍስሳችሁ ሌላ ቅዱ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ምንጩ ቧንቧው ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ደግሞ ከሮቶውና ከመስመሩ ለየብቻ ይቀዳ። የወንዝ ውሃ ላይ የሟሟውን ለመለካት በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉ። ማጣራቱ ከአሲዱ በፊት ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከደለሉ ላይ የተፈታው ብረት ሁሉ «የሟሟ» ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይውረድ። ሜርኩሪ ከ28 ቀን በላይ አይቆይም፣ ሌሎቹ እስከ ስድስት ወር ይቆያሉ። ላቦራቶሪውን ስትጠይቁ «የመለያ አቅማችሁ ዝቅተኛው ስንት ነው?» በሉ። ማሽኑ ካድሚየምን ከ10 ማይክሮግራም በታች ማየት ካልቻለ፣ ገደቡ 3 ለሆነ ነገር «አልተገኘም» የሚለው ወረቀት ምንም አልነገራችሁም። ባዶ ጠርሙስም በተጣራ ውሃ ሞልታችሁ አብራችሁ ላኩ፤ እሱ ላይ ብረት ከተገኘ ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው።

በዕረፍቱ ሰዓት ከበያጆች የተነሣ ጥያቄ ነበር፦ ወተት ሳንባን ያጥባል ወይ? አያጥብም። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ ነው የገባው፣ መንገዳቸው አይገናኝም። ግን ወተቱን አታቋርጡ፤ ካልሲየሙ የተዋጠውን አቧራ እርሳስ አንጀት ላይ ይቀንሳል፣ አጥንትም ይፈልገዋል። ጭምብል፣ ከጀርባ የሚገፋ ነፋስ፣ የተከፈተ በር ለሳንባው። ወተቱ ደግሞ ከሥራ በኋላ እጅ ታጥቦ ይጠጣ፤ ብርጭቆው ክፍቱን መበየጃው አጠገብ ከተቀመጠ ብናኙ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።